በሕያው ሕዋስ ውስጥ ያለውን ዚንክ ስለ ማየት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በባሕር ዳር የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከጣና የሚወጣ ቆሮሶ የተባለ ዓሣ በጉበቱ የሚይዘውን ዚንክ ልመረምር አስቤ ሳነብ፣ ዚንክ ሲያገኙ የሚያበሩ ፍሎረሰንት ቀለሞች እንዳሉ ተረዳሁ። ሥጋውን በአሲድ አሟሙተን የምንለካበትን የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ሊተኩልኝ ይችላሉን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይተኩም፤ ሁለቱ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነውና። ጉበቱ በናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ ከፕሮቲን ጋር የተጣበቀው ዚንክ ሁሉ ስለሚለቀቅ፣ መሣሪያው ጠቅላላ መጠኑን ይነግርዎታል። ቀለሙ የሚያገኘው ግን ፕሮቲኖች አጥብቀው ያልያዙትን ጥቂቱን ብቻ ነው። በሕዋስ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ዚንክ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሞላር (የክምችት መለኪያ) ሊደርስ ሲችል፣ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ናኖሞላር (ከማይክሮሞላር አንድ ሺኛ) በታች ነው። ስለዚህ ውጤቶቹ ባይገጣጠሙ አንዱ ተሳስቷል ብለው አይደምድሙ።

የቀለሙ ሞለኪውል የሚያበራ ክፍልና አዮን (እንደ ዚንክ ያለ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው አቶም) የሚይዝ ክፍል አለው። የሚይዘው ክፍል ባዶ ሳለ በውስጡ ካለው ናይትሮጅን የሚነሣ ኤሌክትሮን ብርሃኑን ያጠፋዋል፤ ዚንክ ከናይትሮጅኑ ጋር ሲጣመር ግን ኤሌክትሮኑ ስለሚታገድ ሞለኪውሉ ያበራል። የመዳብ አዮን በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ብርሃኑን ስለሚያዳክም፣ ጨለማ ያዩበት ቦታ ሁሉ አዮን የሌለበት አይደለም።

ቀለሙ ሕዋሱን ሳይጎዳ የሚገባበት ዘዴ እጅግ ያስደንቀናል። የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ሞለኪውል የሕዋስን ሽፋን በቀላሉ ስለማያልፍ፣ ቻርጁ ኤስተር በተባለ የኬሚካል ክፍል ተሸፍኖ ይሰጣል፤ ከገባ በኋላ የሕዋሱ የራሱ ኢንዛይሞች ኤስተሩን ይቆርጡታል፣ ቀለሙም መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል። ይህን ካልሲየምን ለሚያሳዩ ቀለሞች በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሳይንቲስቱ ሮጀር ቺን ነው፤ እርሱ በ2008 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የተጋራው በፍሎረሰንት ፕሮቲን ሥራው ነበር።

ሽፋኑ የተቀደደ የሞተ ሕዋስ ቀለሙን ሊይዝ ስለማይችል፣ ገበያ ላይ የዋለ ዓሣ አይረባዎትም፤ በታንኳ ከሚያጠምዱት ሰዎች በሕይወት እንዳለ በሐይቁ ውሃ ተቀብለው ያምጡት። ቀለሙንም አያብዙት፤ ሲበዛ ነጻውን ዚንክ ራሱ ይዞ ሊለኩት የፈለጉትን ሁኔታ ይለውጠዋል። የጉበት ሕዋስ ያለ ቀለምም በመጠኑ ስለሚያበራ፣ ቀለም ያልነካውን ናሙና አስቀድመው ይመልከቱ። በመጨረሻም ዚንክን አጥብቆ የሚይዘውን ቲፔን የተባለ ውህድ ይጨምሩበት፤ ብርሃኑ ከቀነሰ ያዩት በእርግጥ ዚንክ ነው ለማለት ጠንካራ ምክንያት ይኖርዎታል፣ ካልቀነሰ ግን ምንጩ ሌላ ሊሆን ይችላል።