ሞምባሳ፦ በአንድ እግሯ ባሕር፣ በአንድ እግሯ የብስ (ጥያቄና መልስ)

በኬንያዋ የወደብ ከተማ በሞምባሳ ለ11 ዓመታት በትራንዚተርነት ሠርቻለሁ። ስለ ከተማዋ አቀማመጥና ጠባይ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል የሚበዙትን እነሆ መልሻለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞምባሳ ደሴት ናት ይባላል፤ በካርታ ላይ ግን ከየብሱ ጋር የተጣበቀች ትመስላለች። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው። ጥንታዊቷ ከተማ፣ ምሽጉ፣ ገበያውና ዋናው ወደብ ያሉት በደሴቲቱ ላይ ነው፤ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ግን ከተማዋ ውሃውን ተሻግራ በሦስት አቅጣጫ ወደ የብሱ ተስፋፍታለች። በ2019 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዋ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ደሴቲቱም በባሕር መካከል ለብቻዋ የቆመች ሳትሆን የብሱ እንደ እጅ መዳፍ ይዟት ውስጥ የገባች ናት። በበረዶ ዘመን የባሕሩ ወለል ዝቅ ብሎ ሳለ ወንዞች ጥልቅ ሸለቆ ቆፍረው ነበር፤ በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ከፍ ሲል ውሃው በሸለቆዎቹ ውስጥ ዘልቆ ገባና ዛሬ በሰሜን ቱዶር፣ በደቡብና በምዕራብ ኪሊንዲኒና ፖርት ራይትዝ የሚባሉትን የባሕር ክንዶች ፈጠረ። ኪሊንዲኒ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ጥልቅ ውሃን ከሚገልጸው የስዋሂሊ ቃል ነው። ከተማዋን ወደብ ያደረጋት ይህ ጥልቀት ነው፤ መንገዷን የሚያጣብባትም እሱው ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌው ወደብና አዲሱ ወደብ ሲባል ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ አሮጌው በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል፣ ከጥንታዊው ሰፈር ሥር የሚገኘው ነው። በሸራ የሚሄዱ የእንጨት መርከቦች ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ገደማ ጀምሮ ሲነፍስ ከዓረብ፣ ከፋርስና ከህንድ ዳርቻ ቴምር፣ ምንጣፍና ጨርቅ ጭነው ይመጡ ነበር፤ ከሚያዝያ በኋላ ኩሲ የተባለው የደቡብ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ የዝሆን ጥርስና የማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) እንጨት ይዘው ይመለሱ ነበር። ነጋዴው ነፋሱ እስኪለወጥ ወራት ስለሚቆይ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ቤት ይሠራል። የከተማዋ ሕዝብ፣ ቋንቋና ምግብ የተቀላቀለው በዚህ መጠበቅ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዲሱ፣ ማለትም ኪሊንዲኒ፣ ከብረት መርከብና ከባቡር ጋር የመጣ ነው። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ የጀመሩት የባቡር ሐዲድ በ1899 ናይሮቢ፣ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ትልልቁ ጭነት ወደ ምዕራቡ በኩል ዞረ። ዛሬ ኪሊንዲኒ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሃያ ጫማ ኮንቴነር ያስተናግዳል።

ጥያቄ፦ በከተማዋ መካከል ያለው ትልቁ የዝሆን ጥርስ እውነተኛ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አሉሚኒየም ነው።

ጥያቄ፦ ሊኮኒ ላይ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ድልድይ አልተሠራም? ሰው ሁሉ በፌሪ (ሰውና መኪና በሚያሻግር ጀልባ) ሲንገላታ አይቻለሁ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይህ ነው። በሰሜን በኩል የኒያሊ ድልድይ፣ በምዕራብ በኩል ባሕሩን ሞልቶ በተሠራው መንገድ ምትክ በ2022 የተከፈተው የማኩፓ ድልድይ አለ። በደቡብ ያለው የሊኮኒ መተላለፊያ ስፋቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በዓይን ሲታይ ከሁሉም የሚቀል ይመስላል። ነገር ግን ወደ ኪሊንዲኒ የሚገባ መርከብ ሁሉ የሚያልፈው በዚሁ በር ነው። ድልድይ ቢሠራ ኮንቴነር የደራረበ መርከብ ከሥሩ የሚያሳልፍ ከፍታ ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ከፍታ የሚሆን ረጅም መወጣጫ ደግሞ ቤት ከቤት በተያያዘበት በደሴቲቱ ጫፍ ላይ ቦታ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ስለዚህ ፌሪው አለ። እግረኛ አይከፍልም፣ መኪና ይከፍላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ድረስ ከደቡቡ ዳርቻ ቁልቁል የሚወርደው ሰው መሬቱን ይሸፍነዋል፤ ዶሮ በቅርጫት ያንጠለጠለ፣ ብስክሌቱን የሚገፋ፣ ደብተሩን በአፉ ነክሶ ሸሚዙን የሚቆልፍ ተማሪ ሁሉ አንድ ላይ ይሳፈራል። ትልቅ መርከብ ሲገባ ፌሪው ያሳልፋል፤ እኔ ራሴ የቀረጥ ሰነድ በብብቴ ይዤ፣ ሰነዱ የሚመለከተው መርከብ ከፊት ለፊቴ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ቆሜ የጠበቅሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። በአቅራቢያው ባለው የምቶንግዌ መሻገሪያ በ1994 ፌሪ ተገልብጦ 272 ሰዎች ስላለቁ አሮጌ ነዋሪዎች ዛሬም ሲሳፈሩ ወደ ጠርዙ አይጠጉም። በቅርብ ዓመታት ደሴቲቱን ሳይነካ በዶንጎ ኩንዱ በኩል ዞሮ ወደ ደቡብ የሚወስድ መንገድ ተሠርቷል፤ ለከባድ መኪና ትልቅ እፎይታ ነው፣ እግረኛውን ግን ከፌሪው አላላቀቀውም።

ጥያቄ፦ ለኢትዮጵያ ከጅቡቲ ሌላ አማራጭ ትሆናለች?

መልስ፦ በሥራዬ ምክንያት ብዙ ነጋዴዎች ጠይቀውኛል፤ መልሴ አንድ ነው። ከአዲስ አበባ በሞያሌና በናይሮቢ ዞሮ ሞምባሳ ለመድረስ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይኬዳል፤ ወደ ጅቡቲ ያለው የባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደቡብ ድንበር አካባቢ ላለ ነጋዴ ሒሳቡ ይለያል፤ ለመሐል አገር ግን ኪሎ ሜትሩ ብቻውን ትርፉን ይበላዋል። የሞምባሳ ዋና ደንበኛ፣ ከራሷ ከኬንያ ቀጥሎ፣ ኡጋንዳ ናት። ኢትዮጵያ በዕቅድ የተያያዘችው በ2021 የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያው ከተከፈተው ከሌላው የኬንያ ወደብ፣ ከላሙ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ እዚያ ሰዓት አቆጣጠሩ እንደኛ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ አበሻ በሞምባሳ የማይቸገርበት አንዱ ነገር ይህ ነው። በስዋሂሊ ቀኑ የሚቆጠረው ከጸሐይ መውጫ ስለሆነ ሹፌሩ "ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ" ቢልዎት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩና ቲኬት ሲያነቡ ነው፤ ያን ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የጥንታዊው ሰፈር ክፍሎች ረጅምና ጠባብ የሆኑት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጥሩ አስተውለዋል። ግድግዳው ኮራል ድንጋይ በኖራ የተያያዘ ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከመው ግን ቦሪቲ የሚባል የማንግሮቭ ግንድ ነው። የማንግሮቭ ግንድ ከሦስት ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ ክፍሉ ወደ ጎን ሊሰፋ አይችልም፤ ወደ ቁመቱ ብቻ ይረዝማል። መንገዱም ሆን ተብሎ ጠቧል፤ ግድግዳ ለግድግዳ ጥላ እያጠላ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ ያስገባል። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ አራት ዲግሪ ላይ፣ ወበቁ ልብስ ከገላ በሚያጣብቅበት አገር፣ ከዚህ የተሻለ ማቀዝቀዣ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚያገናኛት ነገር አለ?

መልስ፦ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን መጥቀስ ይበቃል። ይህ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ተቀምጦ ነበር። ተመልሶ እንዳይገባ ሲከለከል ወደ ኦሮሞ አገር በደቡብ በኩል የሚያስገባ መንገድ እፈልጋለሁ ብሎ በ1844 ሞምባሳ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሚስቱና አራስ ልጁ ሞቱበት፤ የተቀበሩትም ከደሴቲቱ ማዶ ነው። ያሰበው መንገድ አልተገኘም፤ እሱ ግን ከሞምባሳ ጀርባ በራባይ ተቀምጦ የስዋሂሊን ሰዋስው ጻፈ።

ጥያቄ፦ አንድ ምሽት ብቻ ቢኖረኝ የት ልሂድ?

መልስ፦ ፎርት ጂሰስን፣ ፖርቱጋሎች ከ1593 ጀምሮ የሠሩትንና ዑማኖች ከ1696 እስከ 1698 ከበው የያዙትን ምሽግ፣ በቀን ይጨርሱት። አመሻሽ ላይ ወደ ማማ ንጊና ዳርቻ፣ ወደ ትልልቆቹ የባኦባብ ዛፎች ይሂዱ። የከተማው ሰው በተለይ እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። የተጠበሰ ካሳቫ በበርበሬና በሎሚ ይገዛሉ፤ ቀጥሎ በነሐስ ጀበና ሥር ፍሙን አንጠልጥሎ፣ ሲኒዎቹን እያጋጨ የሚዞር ቡና ሻጭ ያገኛሉ። ሲኒው እንደኛው እጀታ የለውም፤ ቡናው ግን ዝንጅብል ያለበት መራራ ነውና ስኳር ከጠየቁ ሃልዋ ብሉበት ይልዎታል። ከተቀመጡበት ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ እስኪመስል ድረስ ቀርቦ፣ መርከቡ መብራቱን አብርቶ ወደ ኪሊንዲኒ ይገባል።