በመሳቢያው ውስጥ የቀረው ወረቀት

ይድረስ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ካለቀ በኋላ ነው። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው በሐረር ነው፤ መኪና ግርግር አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ እየሰፋሁ እተዳደራለሁ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የግራ እግሬ ከባቴ ጀምሮ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮና ግሎ የስፌት መኪናዬን ፔዳል መርገጥ አቃተኝ። ወለምታ ነው ተብሎ ወጌሻ ሁለት ቀን አሸኝ። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄጄ የደም ዝውውር በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ስታይ ደም ሥሬ ውስጥ ደም ረግቷል ተባልሁ፤ ምክንያቱን ብጠይቅ የወሊድ መከላከያ ክኒን ስለምትወስጂ ነው አሉኝ። ክኒኑን አቆምሁ፣ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ለስድስት ወር ዋጥሁ፣ ከዚያም ድነሻል ተብዬ ተሰናበትሁ።

ከተሰናበትሁ ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላኝ፣ ክኒን የሚባል ነገር ባፌ ሳይዞር፣ ከገበያ ዘንቢል ይዤ ስመለስ በጁገል ዳገት መሐል ደረቴን ወግቶኝ ትንፋሽ አጠረኝ። ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ የማያውቁኝ ሰዎች ናቸው ባጃጅ ላይ የጫኑኝ። በማግሥቱ ድሬዳዋ ተወስጄ የረጋ ደም ወደ ሳንባዬ መሄዱ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ አራት ሐኪሞች ዘንድ ቀርቤያለሁ። አንዱ ተቀምጠሽ ስለምትውዪ ነው አሉኝ፤ ተቀምጦ መዋል ቢሆን ኖሮ የመኪና ግርግር ሰፊ ሁሉ እግሩ ባበጠ ነበር። ሌላው የድሬዳዋን ሙቀት ወቀሱ፣ እኔ የምኖረው ሐረር መሆኑን እንኳ ካርዴ ላይ አላዩም። ሦስተኛው ጫት ትቅሚያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝና አልቅምም ስላቸው ያላመኑኝ መሰሉ። አራተኛው ደግሞ ጭንቀት ነው፣ ራስሽን ዘና አድርጊ አሉኝ። ስም የሌለው በሽታ ተሸክሞ መኖር ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት አያውቀውም፤ ማታ እግሬን ከእግሬ ጋር በሜትር እየለካሁ ነው የምተኛው።

የባለቤቴ እናት ግን ስም አላጡለትም። ቀደም ሲል በ2012 ዓ.ም. በአምስት ወሬ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአራት ወሬ ፅንስ ስለወረደብኝ ሁሉንም ነገር ሾተላይ ነው ይሉታል። ሐኪም ቤት የደም ዓይነቴ ተመርምሮ ኦ ፖዘቲቭ ስለሆነ የሾተላይ ነገር አይመለከትሽም ተብያለሁ ብላቸውም አይሰሙኝም። እርግጥ የሚያስቀይማቸው ሌላ ነገርም አለ። በመጀመሪያው እርግዝናዬ ለክትትል ስሄድ ቪዲአርኤል የሚባለው ምርመራ አንድ ለአራት ብሎ ቂጥኝ አለብሽ ተባልሁ። ባለቤቴ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ እኔ እሱን ጠረጠርሁ፤ እሱ ተመርምሮ ነፃ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ይባስ ብሎ ለእናቱ ነገራቸው። ሦስት ሳምንት መርፌ ተወጋሁ። በሁለተኛውም እርግዝና ያው አንድ ለአራት ተብዬ እንደገና ተወጋሁ። ያ ግን አልፏል፤ ከእግሬ ጋር ስለማይገናኝ ለአራቱም ሐኪሞች አላነሳሁትም፤ ወረቀቱንም አጣጥፌ ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከማጠንጠኛው ሥር ደብቄዋለሁ።

ዋርፋሪኑን ዛሬም እወስዳለሁ። የደሙ ቅጥነት የሚለካበት ምርመራ እዚህ ብዙ ጊዜ ኬሚካል የለም ስለሚባል ከተለካሁ አራት ወር ሆኖኛል። ፋርማሲው ልኬት የማይፈልግ አዲስ መድኃኒት አለ፣ ቀይሪው ይለኛል። ባለቤቴ ባለፈው ወር ሲመጣ ልጅ ካልወለድን ይህ ቤት አይቆምም አለኝ፤ ዋርፋሪን ደግሞ ፅንስ ያበላሻል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግዲህ የምጠይቅዎ ይህን ነው፤ ለማንም ሳልናገር መድኃኒቱን አቁሜ ብሞክር ምን ይለኛል?

አክባሪዎ፣ ከሐረር

መልስ

እኛ የድሬዳዋ ሰዎች አንቱታ አናውቅም ይባልልናል፤ አክብረሽ ብትጽፊልኝም እኔ አንቺ እያልሁ እመልስልሻለሁ። በሐኪሞቹ ላይ ያቀረብሽው ወቀሳ ተገቢ ነው፤ እሱን አቆየዋለሁ፤ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ተተክሎ የቀረው «ያ ግን አልፏል» ብለሽ በዘለልሽው ቦታ ላይ ነው። አላለፈም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ደብዳቤሽን ስምሽ በሌለበት ሁለት የማውቃቸው ሐኪሞች እንዲያነቡት አድርጌ ሁለቱም ጣታቸውን ያሳረፉት እዚያው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲአርኤል የቂጥኝን ተህዋስ ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ካርዲዮሊፒን በሚባል ቅባት ላይ ሰውነት የሚያመርተውን ፀረ አካል ነው፤ ይህ ቅባት መጀመሪያ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1941 ከበሬ ልብ ነው። ቂጥኝ የያዘው ሰው ይህን ፀረ አካል ያመርታል፤ ነገር ግን ቂጥኝ በአጠገቡ አልፎ የማያውቅ ሰውም የሰውነቱ መከላከያ ራሱን ሲሳሳት ያመርተዋል። እንዲህ ዓይነቱ የውሸት ፖዘቲቭ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንቺው አንድ ለአራት ባለ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ይገኛል፣ በመርፌም አይጠፋም፣ ከዓመታት በኋላም እዚያው ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 ግሬም ሂዩዝ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በለንደን የገለጹት አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም የሚባል በሽታ አለ። የያዛት ሴት ያለ በቂ ምክንያት ደም ሥሯ ውስጥ ደም ይረጋል፣ መድኃኒት ስታቆም ይመለሳል፣ ከአሥረኛው ሳምንት በኋላ ፅንስ ይጠፋባታል፣ የቂጥኝ ምርመራዋም በሐሰት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። እግርሽ፣ ሳንባሽ፣ ሁለቱ ልጆችሽና ያ ወረቀት የአንድ ታሪክ ገጾች ሊሆኑ ይችላሉ። ሊሆኑ ይችላሉ ነው የምልሽ፤ ቁርጡን የሚናገረው ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ ልቆጣሽ ነው። ለአራት ሐኪም አራት ቁራጭ ታሪክ ሰጥተሽ አንድ ሙሉ ስም መጠበቅሽ ልክ አልነበረም። የእግሩ ሐኪም ስለ ፅንሶቹ ሰምተዋል? ደብዳቤሽ የሚናገረው ለአማትሽ ስለ ሾተላይ መመለስሽን እንጂ ለእሳቸው መንገርሽን አይደለም። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛ የወገቧን ልክ ደብቃ የደረቷን ብቻ ብትሰጥሽና ልብሱ ሲጠባት ብትወቅስሽ ምን ትያት ነበር? አፍረሽ እንደ ሆነ ይገባኛል፤ ባልሽ ጓዳችሁን ለእናቱ ካወጣው በኋላ ማፈርሽ አይፈረድብሽም። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ስንት ጊዜ አረገዝሽ ብለው ሊጠይቁ በተገባቸው ነበር፤ አንዲት የሠላሳ ዓመት ሴት ሁለት ጊዜ ደም ረግቶባት ይህን ሳይጠይቁ ጭንቀት ነው ብሎ መሸኘት ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ከሁሉ ቀድሞ በጣት ደም የሚሠራውን ፈጣን የቂጥኝ ምርመራ አሠሪ። ይህኛው የሚፈልገው ቅባቱን ሳይሆን በራሱ በተህዋሱ ላይ የሚመረተውን ፀረ አካል ነው፤ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ቢድንም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የአንቺ ኔጋቲቭ ከሆነ ቂጥኝ ሳይኖርብሽ መወጋትሽ እጅግ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ውጤቱን ተህዋሱን በሚመለከት ሌላ የላቦራቶሪ ምርመራ ማረጋገጥም ይቻላል።

ቀጥሎ ወረቀትሽን ሁሉ፣ ከማጠንጠኛው ሥር ያለውን ጨምሮ፣ በአንድ ፌስታል ይዘሽ ወደ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሂጂ፤ የደም በሽታ ስፔሻሊስት ብታገኚ ይበልጣል። «አንቲፎስፎሊፒድ ይመርመርልኝ» በያቸው፤ አትፈሪ፤ ቃሉ ቢያንደፋድፍሽ በወረቀት ጽፈሽ አሳዪ። ምርመራዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ ፀረ ካርዲዮሊፒንና ፀረ ቤታ ቱ ግላይኮፕሮቲን ዋን። የመጀመሪያው ስሙ ያሳስታል፤ ሉፐስ የሚባለው በሽታ አለብሽ ማለትም አይደለም፣ ደም ያቀጥናል ማለትም አይደለም፤ በብልቃጥ ውስጥ ደምን ከመርጋት ቢያዘገይም በሰው ሰውነት ውስጥ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ይህንኑ ምርመራ ዋርፋሪን ያዛባዋል፤ ሁለቱን ግን አይነካቸውም። ስለዚህ ዋርፋሪን ላይ መሆንሽን ለላቦራቶሪው ተናገሪ እንጂ ለምርመራ ብለሽ ራስሽ እንዳታቆሚ። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ መላክ ሊኖርበት ይችላል። ፖዘቲቭ ከሆነም ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት፤ ጊዜያዊ ሕመምም ለአጭር ጊዜ ሊያሳየው ስለሚችል በአንድ ውጤት ስም አይሰጥም። ይህን ያህል ጊዜ የጠበቅሽ ሴት ሦስት ወር መጨመር አያቅትሽም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መድኃኒቱን በድብቅ ማቆም አይሆንም። ስታቆሚው ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ደምሽ የት እንደ ደረሰ የጁገል ዳገት ያውቃል። በአንጻሩ ዋርፋሪን እየዋጡ ማርገዝም አይሆንም፤ የሰማሽው እውነት ነው፤ ወደ ፅንሱ ይሻገራል፣ በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ክፉ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ እስኪያዩሽና ዕቅድ እስኪያወጡልሽ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ፤ የወር አበባሽ ቢዘገይ ግን ሳምንት አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ።

ሦስተኛ መንገድ ስላለ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ። ለማርገዝ የምትፈልግ እንዲህ ያለች ሴት በሐኪም ክትትል ከዋርፋሪን ወደ ሄፓሪን መርፌ፣ እሱም ደም እንዳይረጋ ወደሚያደርግ መድኃኒት፣ ትዛወራለች፤ ሄፓሪን እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ አይደርስም። በዚያ ላይ አነስተኛ አስፒሪን ይታከላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝ የታተመ፣ ይህ ፀረ አካል ያለባቸውና በተደጋጋሚ ፅንስ የወረደባቸው 90 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ አስፒሪን ብቻ ከወሰዱት 42 በመቶዎቹ፣ አስፒሪንና ሄፓሪን ከወሰዱት ደግሞ 71 በመቶዎቹ ሕያው ልጅ ታቅፈዋል። የእነሱ ሁኔታ ከአንቺ ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ይህን ቁጥር ሁለት ልጅ በቀበረ ሆድሽ ያዢው። መርፌው በየቀኑ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ባልሽ ልጅ ካልወለድን ቤት አይቆምም ካለ የሚያወጣው ገንዘብ ለዚህ ይሁን።

የፋርማሲውን ምክር አትቀበዪ። ልኬት የማይፈልገው ሪቫሮክሳባን ለብዙ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም ምርመራ ፖዘቲቭ በሆነባቸው ሕመምተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት ከዋርፋሪን ይልቅ በእሱ ብዙ ሰው እንደገና ደም ስለረጋበት ሳይጨረስ ቆሟል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የአንቺ ነገር ሳይለይ መቀየር አይገባም። ዋርፋሪኑ ደግሞ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ቅጥነት ልኬት ካልታየ መሥራት አለመሥራቱ አይታወቅም፤ ከልክ ካነሰ ደም ከመርጋት አይከላከልም፣ ከልክ ካለፈም ያደማል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ሐረር ኬሚካል የለም ካሉሽ በዚህ ሳምንት ድሬዳዋ ወርደሽ ተለኪ፤ አራት ወር በጭፍን መዋጥሽን ሳነብ ከቂጥኙ ወረቀት ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኸው ነበር። ጎመንን ፈርተሽ ትተሽ ከሆነ መብላት ትችያለሽ፣ መጠኑ ብቻ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። ወጌሻው ግን ያችን እግር ዳግመኛ እንዳይነካት፤ የረጋ ደም ታሽቶ ይነቀላል።

ባልሽ ከጅቡቲ ሲመለስ የጣት ደሙን ምርመራ ብቻሽን አትሂጂ። አብሮሽ ይሂድ፣ ወንበሩ ላይ አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ውጤቱንም ከባለሙያው አፍ ራሱ ይስማ። ኔጋቲቭ ከሆነ ወረቀቱን አንቺ አትያዢው፤ ለእናቱ የነገራቸው እሱ ነውና ሄዶ ያንብብላቸው።