አራተኛ ፎቅ ላይ የትኛው መስመር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት ሆኜ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ፤ ደረሰኞችንና ሰነዶችን ስካን እያደረግሁ ለቢሮ እልካለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ በቪዲዮ ስብሰባ እንገናኛለን። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነች የትምህርት ቪዲዮዎችን ትከታተላለች፤ ባለቤቴ ማታ ማታ ኳስ ያያል። እስካሁን የተጠቀምነው በስልካችን ዳታ ነው፤ ጥቅሉ ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ትተውት የሄዱት የመደበኛ ስልክ መስመር አለ። ጎረቤታችን ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ገዝቶ "ተገላገልኩ" ይላል። ቀጥሎ ባለው ብሎክ ደግሞ ፋይበር ገብቷል ይባላል። ባለቤቴን ባማክረው "ሁሉም ያው ዋይፋይ ነው፤ ርካሹን አስገቢ" አለኝ። እውነት ልዩነት የላቸውም?

ከጀሞ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ባለቤትዎ የተናገሩት ሁላችንም በየቀኑ የምንለውን ነው። "ዋይፋይ አስገባን" ስንል የቤት ኢንተርኔት ማለታችን ነው፤ ዋይፋይ ግን ከራውተሩ እስከ ስልክዎ ያለው የመጨረሻው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። የእርስዎ ጥያቄ የሚመለከተው ከዚያ በፊት ያለውን፣ ኢንተርኔቱ ከውጭ ተነሥቶ ራውተሩ ድረስ የሚመጣበትን መንገድ ነው። መንገዱ በእርስዎ ቤት የመዳብ ሽቦ፣ ፋይበር ወይም ከሞባይል ማማ የሚመጣ ሞገድ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ከዋጋቸው ይልቅ በጠባያቸው ይለያያሉ።

ርካሹ እሱ ሊሆን ስለሚችል ከመደበኛው ስልክ መስመር ልጀምር። ጥንዱ የመዳብ ሽቦ መጀመሪያ የተዘረጋው ለድምፅ ነው። ኤዲኤስኤል የሚባለው ዘዴ በዚያው ሽቦ ላይ፣ ድምፅ ከሚሄድበት በላይ ባለው የሞገድ ክልል ዳታ ያስተላልፋል፤ በአንድ መስመር ስልክ እያወሩ ኢንተርኔት መጠቀም የሚቻለውም ለዚህ ነው። የተሻሻለው ዓይነት በሰከንድ እስከ 24 ሜጋ ቢት ያወርዳል ቢባልም፣ ይህ የሚሆነው ቤቱ ከማዞሪያ ጣቢያው አጠገብ ሲሆን ብቻ ነው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ሞገዱ እየደከመ ስለሚሄድ፣ 3 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከዚያ ፍጥነት ሲሶው ቢደርስዎ ደህና ነው፤ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ደግሞ ለቪዲዮ የሚበቃ ነገር አይቀርም።

ለእርስዎ ሥራ ግን ከማውረዱ ይልቅ መላኩ ነው የሚያሳስበኝ። በኤዲኤስኤል የመላኪያው ፍጥነት በአብዛኛው ከ1 ሜጋ ቢት ብዙም አያልፍም። ስካን ያደረጉት ፋይል 20 ሜጋ ባይት ቢሆን፣ 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 160 ሜጋ ቢት ማለት ነው፤ በ1 ሜጋ ቢት ሲላክ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በ10 ሜጋ ቢት የሚልክ መስመር ግን ያንኑ ፋይል በ16 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በቀን 30 ሰነድ የሚልክ ሰው ልዩነቱን ሳይነገረው ያውቀዋል። በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር የማውረጃው ስለሆነ፣ "የመላኪያውስ ስንት ነው?" ብለው ሳይጠይቁ ውል አይፈርሙ።

የመዳቡን መስመር ጤንነት ያለ ባለሙያ መፈተሽ ይችላሉ። ገመድ ያለው ተራ ስልክ ይሰኩበት፤ መስመሩ ሕይወት ካለው እጀታውን አንሥተው አንድ ቁጥር ብቻ ይጫኑና ጆሮዎን ሰጥተው ያዳምጡ። ጸጥ ካለ መልካም ነው። የሚንሿሿ ወይም የሚንጫጫ ድምፅ ከሰሙ፣ ያው ጩኸት ዳታውንም ይረብሸዋል። የእኔ ቤት መስመር በየክረምቱ ይንጫጫ ነበር፤ ኋላ ሲታይ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ክዳኑ ወልቆ፣ የሽቦው መጋጠሚያ በፌስታል ተጠቅልሎ ተገኘ። ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ነበረ።

ፋይበር ሌላ ነገር ነው። የሚያስተላልፈው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ እርጥበት አይጮኽበትም፤ ርቀትም እንደ መዳቡ አያደክመውም። በየቤቱ በሚገባው የተለመደ ሥርዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ከጣቢያው የሚነሣው አንድ የመስታወት ክር መንገድ ላይ ባለ ትንሽ ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል፤ ክሩ የሚሸከመው ወደ 2.5 ጊጋ ቢት ስለሆነ፣ 32ቱም ቤት በአንድ ምሽት ኳስ ቢከፍት እንኳ ለእያንዳንዱ ከ75 ሜጋ ቢት በላይ ይደርሰዋል። ማከፋፈያው ራሱ መብራት የማይፈልግ መሆኑም በእኛ ሰፈር ሁኔታ ቀላል ነገር አይደለም። ድካሙ መታጠፍ አለመቻሉ ነው፦ ክሩ የፀጉር ያህል ቀጭን መስታወት በመሆኑ፣ በበር ሥር ከተጨፈለቀ ወይም በጠባቡ ከታጠፈ ብርሃኑ ያፈሳል። ሠራተኞቹ ሲዘረጉ አጠገባቸው ይቁሙ፤ ማዕዘን ላይ ገመዱን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አጥፈው በምስማር እንዳይመቱት በትሕትና ያሳስቡ። በኋላ ኢንተርኔት ሲጠፋ ክሩ የሚሰካበትን መሣሪያ መብራት ይመልከቱ፤ ቀይ ከበራ ብርሃኑ ቤትዎ አልደረሰም ማለት ነውና ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት አይፈታውም፤ ወዲያው ማስመዝገብ ነው።

ሆኖም "ቀጥሎ ያለው ብሎክ ገብቷል" ማለት ለእርስዎም ይደርሳል ማለት አይደለም። በእናንተ መግቢያ ማከፋፈያ ሳጥን አለ ወይ? ካለስ ያልተያዘ ቀዳዳ ቀርቶታል? ይህን ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከል የብሎክ ቁጥሩን ሰጥተው ያረጋግጡ። ሳጥኑ ከሌለ ለብቻዎ ከመጠየቅ ይልቅ በብሎኩ ኮሚቴ በኩል አምስት ስድስት ቤት ሆናችሁ ብታመለክቱ የሚሻል ይመስለኛል፤ ለአንድ ቤት ተብሎ ገመድ ከሚጎተት ለአንድ ደረጃ ነዋሪ ቢጎተት ለእነሱም ያዋጣል።

ጎረቤትዎ የገዛው ራውተር የሚሠራው በሞባይል ኔትወርክ ነው። በአዲስ አበባ 4ጂ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በግንቦት 2014 ዓ.ም. በሙከራ አስተዋውቋል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በመዲናዋ ሥራ ሲጀምር ከሁለት ኔትወርክ የመምረጥ ዕድል ተገኘ። የዚህ መስመር ትልቁ ጥቅም ቆፍሮ የሚዘረጋ ሰው አለመጠበቁ ነው፤ ገዝተው ሲሰኩት በዚያው ቀን ይሠራል፣ ቤት ሲቀይሩም አብሮዎት ይሄዳል። ድካሙ ደግሞ ማማውን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር መጋራትዎ ነው። ጠዋት የሚፈስስ መስመር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሊንቀረፈፍ ይችላል። የጎረቤትዎ ምስክርነትም ለእርስዎ ቤት አይሠራም፤ የእሱ መስኮት ወደ ማማው የዞረ፣ የእርስዎ ደግሞ ወደ ሌላ ሕንፃ የዞረ ሊሆን ይችላል፤ የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ግድግዳ ደግሞ ሞገድን አይምርም።

ስለዚህ ሳይገዙ ይሞክሩት። የሁለቱንም ድርጅቶች ሲም በየተራ ስልክዎ ውስጥ ያስገቡ፤ ዋይፋዩን አጥፍተው፣ ራውተሩን ሊያስቀምጡ ባሰቡበት መስኮት አጠገብ ሆነው ፍጥነቱን ይለኩ። ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ ሰኞ ጠዋት በስብሰባዎ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ። ማውረጃውንም መላኪያውንም በወረቀት ይጻፉ። ውሳኔዎ በትንሹ ቁጥር ላይ ይቁም፤ ትልቁማ የሚያስደስት እንጂ የሚያሠራ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጠኑ ጉዳይ አለ። ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ያህል ይወስዳል፤ ይህ በሰዓት ወደ 2.25 ጊጋ ባይት ይሆናል። ባለቤትዎና ልጅዎ ተደምረው በቀን 3 ሰዓት ቢያዩ በወር ከ200 ጊጋ ባይት ያልፋል። የስልክዎ ጥቅል ለምን ወሩ ሳይጋመስ እንደሚያልቅ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሲም የሚገባበትን ራውተር ገዝተው ያንኑ የተገደበ ጥቅል ቢሞሉበትም ያው ነው። "ያልተገደበ" ከተባለ ደግሞ ምን ያህል ከተጠቀሙ በኋላ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ፣ ወደ ስንት እንደሚወርድም ይጠይቁ።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ማከፋፈያው መግቢያችሁ ድረስ ከመጣ ፋይበር ያስገቡ፤ ያውም ትልቁን ፍጥነት አይደለም። አንድ የቪዲዮ ስብሰባ 4 ሜጋ ቢት፣ አንድ ቪዲዮ 5 ሜጋ ቢት ቢወስድ፣ በሁለቱም በኩል ከ10 እስከ 15 ሜጋ ቢት ያለው መስመር ለሦስት ሰው ቤት በቂ ነው። ፋይበሩ እስኪመጣ ድረስ፣ ሙከራው በማታ ሰዓትም ካሳመነዎት፣ ያልተገደበ ጥቅል ያለው የሲም ራውተር ይያዙ። መዳቡን በሦስተኛነት አስቀምጠዋለሁ፤ ለንባብና ለመልእክት እንጂ ለእርስዎ የሥራ ዓይነት አይሆንም። ርካሽ ነው ተብሎ ቢገባ ሰኞ ጠዋት ያስጨንቅዎታል።

መብራት ሲጠፋ ሦስቱም የቤት ውስጥ መሣሪያ ይጠፋል። ብዙዎቹ ራውተሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ስለሆነ፣ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ባትሪ መካከል ላይ ከተሰካች ስብሰባው አይቋረጥም። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወለል ላይ አይጣሉት፤ ከፍ ብሎ ገላጣ ቦታ ይቀመጥ። ሰነድ የሚልኩበት ኮምፒውተር ደግሞ ከራውተሩ ጋር በገመድ ይገናኝ።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ትኖራለች። በቪዲዮ ስንነጋገር ምስሏ እየቆመ ያስቸግረናል። እዚህ ያለኝ በኬብል ቴሌቪዥን ገመድ የሚመጣ የኬብል ኢንተርኔት ነው፤ ወደ ፋይበር ብቀይር ይስተካከላል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አይመስለኝም። የሚቆመው የእናትዎ ምስል ከሆነ፣ ችግሩ ሊኖር የሚችለው ከእርሳቸው ቤት በሚላከው በኩል ነው። የኬብል መስመር የመላኪያ ፍጥነቱ ከማውረጃው በእጅጉ ያነሰ ቢሆንም ለአንድ የቪዲዮ ጥሪ ይተርፋል። የእርስዎ ምስል እናትዎ ዘንድ የሚቆም ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ይህን አስቀድመው ይጠይቋቸው።

በንግግራችሁ መካከል የምትሰማው ጥቂት መዘግየት ግን በማናችሁም መስመር አትጠፋም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ደግሞ መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ከባሕር ሥር ገመድ ጋር ተገናኝቶ ስለሚዞር ከዚህም ይረዝማል።

ለራስዎ መስመር ሊጨምሩት ያሰቡትን ገንዘብ ለእናትዎ መስመር ያውሉት። ያ እስኪሆን የጥሪውን ሰዓት ይቀይሩ። በበጋችሁ ወራት በእናንተ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ የተቀመጠበት ሰዓት። እርስዎ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ላይ ቢደውሉ ግን እዚያ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሚሆን፣ ማማውም ይቀልለዋል፣ እናትዎም ቡና ላይ ይሆናሉ።