የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለአጋዘን አደን በሕግ የሚፈቀደው ጥይት የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤ ፒያሳ የምኖር የመጽሔታችሁ አንባቢ ነኝ። በስኮትላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በመጪው ጥቅምት ልጠይቀው ስሄድ፣ የሚሠራበት ሰፊ ይዞታ ባለቤት ባሉበት አድብተን አጋዘን እንድናድን ጋብዞኛል። ጠመንጃው 7.62 እንደሆነ ሲነግረኝ በውትድርና ዘመኔ የማውቀው የክላሽ ጥይት መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሕጉ የተለየ ጥይት እንደሚጠይቅ ይናገራል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ወደ እንግሊዝ ብንሻገርስ ሕጉ ያው ነው? ከአደኑ የተረፈ አንድ ሁለት ጥይት ለመታሰቢያ ይዤ መመለስስ እችላለሁ?
አ. መ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ታላቅ ወንድምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። 7.62 የሚለው ቁጥር ስለ በርሜሉ የውስጥ ስፋት ብቻ የሚናገር ሲሆን፣ በቀለሃው ውስጥ ስላለው የባሩድ መጠን፣ ስለ አረሩ ክብደትም ሆነ ስለ አሠራሩ የሚገልጸው ነገር የለም። የክላሽ ቀለሃ ርዝመቱ 39 ሚሊ ሜትር ነው፤ የወንድምዎ ጠመንጃ ግን .308 ዊንቸስተር የሚባለውን፣ ባለ 51 ሚሊ ሜትር ቀለሃ ጥይት የሚተኩስ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱን ማቀያየር ፈጽሞ አይቻልም።

በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውና በ2023 የተሻሻለው ደንብ፣ ቀይ አጋዘንን ጨምሮ ለአጋዘን ሁሉ የሚተኮስ አረር ቢያንስ 80 ግሬይን ማለትም 5.2 ግራም ያህል እንዲመዝን፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ747 ሜትር፣ ጉልበቱም ከ2,373 ጁል እንዳያንስ ያዛል። ሮ ለሚባለው ትንሽ አጋዘን ብቻ ክብደቱ ወደ 50 ግሬይን፣ ጉልበቱም ወደ 1,356 ጁል ዝቅ ይላል። እርስዎ የሚያውቁት የክላሽ ጥይት በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ እየተጓዘ 2,000 ጁል ያህል ጉልበት ስለሚይዝ፣ በፍጥነትም በጉልበትም ለቀይ አጋዘን ከተቀመጠው መጠን በታች ነው።

ጉልበቱ ቢበቃ እንኳ ጉዳዩ አያበቃም፤ ከሁሉ በላይ አጥብቄ ላስረዳዎ የምፈልገውም ይህንን ነው። ጂ-ስሪ የሚተኩሰው የጦር ሠራዊት ጥይት በጉልበቱ ከተባለው መጠን በእጅጉ ይበልጣል፤ ሆኖም አረሩ በጠንካራ ሽፋን ሙሉ በሙሉ የተለበጠ በመሆኑ ለአጋዘን አደን አይፈቀድም። ሕጉ የሚጠይቀው ሥጋ ሲነካ ጫፉ እንደ አበባ የሚከፈት አረር ነው። የተለበጠው አረር ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ሊያልፍ ስለሚችል የቆሰለው እንስሳ ሩቅ ሮጦ፣ ከአዳኙ ዓይን ተሰውሮ፣ ለረጅም ሰዓት ሲሰቃይ ይሞታል። የሚከፈተው አረር ግን ጉልበቱን በሳንባና በልብ አካባቢ አራግፎ እንስሳውን በፍጥነት ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣው የሄግ መግለጫ እንዲህ ያለውን አረር በጦርነት በሰው ላይ መተኮስን ስለከለከለ፣ ወታደር የነበረ ሰው የአደን ጥይትን ጠባይ አለማወቁ አያስገርምም።

በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ1991 የአጋዘን ሕግ ሚዛኑ ሌላ ነው። ለአብዛኞቹ አጋዘኖች የጠመንጃው ካሊበር (የበርሜሉ የውስጥ ስፋት) ከ0.240 ኢንች፣ የአረሩ ጉልበት ደግሞ ከ2,305 ጁል እንዳያንስ ይደነግጋል፤ አረሩም በዚያው ልክ የሚከፈት መሆን አለበት። ስለዚህ በስኮትላንድ ሮን ለማደን የሚፈቀደው .223 ሬሚንግተን የተባለው አነስተኛ ጥይት፣ ድንበሩን ሲሻገሩ ለዚያው እንስሳ ሕገ ወጥ ይሆናል። የወንድምዎ .308 በሚከፈት አረር እስከተጫነ ድረስ በሁለቱም አገር ያስኬዳል።

ሕጉ ከፈቀዳቸው ውስጥ የሚስማማውን መምረጥ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። እርሳስ ያለበት አረር በቀላሉ ይከፈታል፤ ነገር ግን ሲሰባበር ጥቃቅን ስብርባሪው በሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ እርሳስ መርዝ መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው። ሥጋው ለቤተሰብ ማዕድ የሚቀርብ ከሆነ፣ እኔ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን እመርጣለሁ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በተመሳሳይ ርዝመት ክብደቱ ያነሰ ነው፤ በደንብ የሚከፈተውም ፍጥነቱን ሳይጨርስ ሲመታ በመሆኑ ከሩቅ መተኮስ አይገባም። እያንዳንዱ በርሜል የሚስማማው ጥይት ስለሚለያይ፣ ጠመንጃው የተስተካከለበትን ጥይት ዓይነትና ክብደት ሳይቀይሩ፣ ከአደኑ በፊት በወረቀት ኢላማ ላይ ተኩሰው ያረጋግጡ።

ከአዲስ አበባ ጥይት ይዘው የሚሄዱበት ምክንያት የለም። በብሪታንያ ሕግ ዕድሜው 17 የሞላ ሰው የራሱ ፈቃድ ባይኖረውም፣ ለማዋስ መብት ካለው ባለፈቃድ መሣሪያውን ከነጥይቱ ተውሶ፣ አዋሹ አብሮት እስካለ ድረስ በግል ይዞታው ላይ ማደን ይችላል።

የመታሰቢያውን ነገር ግን ይተዉት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት ወደ አገር ማስገባትን ስለሚከለክል፣ አንዲት ጥይት በሻንጣዎ ብትገኝ እንኳ ቦሌ ላይ በወንጀል ሊያስጠይቅዎ ይችላል።