መልስ፦ እናቴንም ልጆቹንም ይዤ የት ልዋል?

እህቴ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናትሽን፣ ሁለት ሕፃናትንና አርፎ የማይቀመጥ ወንድምሽን በአንድ ቀን የት ልውሰድ ብለሻል። እኔ እንጦጦ እላለሁ። ከፍታው ግን ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል። ደም ግፊት ካለባቸው ሐኪማቸውን አማክሪ።

እናትሽን መኪናው እስከ እንጦጦ ማርያም ያድርሳቸው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያ ነው፤ ለልጆቹ ይንገሯቸው። ወንድምሽ ዳገቱን በእግሩ ይውጣው። እኔ አንዴ «አንለያይም» ብዬ እናቴን ዳገት አስወጣኋት። ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለችኝ። ያቺን ዝምታ እስካሁን አልረሳትም!

ጋቢ ያዥ፣ ይበርዳል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ለእናትሽ የጾም፣ ለልጆቹ የፍስክ ለየብቻ ቋጥሪ።