ደመና ሲመጣ የኤሌክትሪክ መኪናው መሙላት ለምን ያቆማል? ፓነል ከመጨመርህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (የፀሐይን፣ የባትሪንና የመብራት ኃይል መስመርን ኃይል አቀናጅቶ ለቤት የሚሰጠው መሣሪያ) እና 10 የፀሐይ ፓነል አስተክለሃል። ፀሐይ ሲኖር መኪናው ይሞላል፣ ደመና ሲመጣ ይቋረጣል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ አልጀምርም ይላል። ፓነል ልጨምር ወይስ ስታብላይዘር ልግዛ ብለሃል። ሁለቱንም እንዳትገዛ! እኔ ሁለቱንም ገዝቼ ነው የምነግርህ፤ ስታብላይዘሩ እስከዛሬ አቧራ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳጥን ቻርጀር ይባል እንጂ የመኪናውን ባትሪ የሚሞላው መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ነው። የሳጥኑ ሥራ በቀጭኗ የሲግናል ሽቦ «እስከዚህ አምፔር ድረስ ሳብ» ብሎ ለመኪናው መንገር ነው። ይህ ፈቃድ ደግሞ ከ6 አምፔር በታች አይወርድም፤ በ220 ቮልት 1,320 ዋት ማለት ነው። ፓነሎቹ 1,000 ዋት ብቻ ከሰጡ ጉድለቱን ከቤት ባትሪ ወይም ከመብራት ኃይል መስመር ታሟላለህ፣ ያለዚያ ይቆማል።

እኔ ቤት ባለሙያው 16 አምፔር ላይ አስተካክሎልኝ ሄደ፤ 3.5 ኪሎዋት ገደማ። ቆጣሪ እንዳይቆጥርብኝ ብዬ ከመስመር መውሰዱን የዘጋሁት ግን እኔው ነኝ። ክረምት ገባ። ደመና ሲሸፍነው የኢንቨርተሩ ቮልቴጅ ይወርድና ይዘጋል፤ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፤ መኪናው ያንኑ 3.5 ኪሎዋት ይጠይቃል፤ እንደገና ይዘጋል። አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ አምስቴ «ቀጭ» ሲል ሰምቻለሁ። ኮንታክተር (ቻርጀሩ ውስጥ ኃይሉን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ) የሚበላው ይሄ ነው። ፓነል ስጨምርም ያው ሆነ።

የገላገለኝ የተረፈውን ፀሐይ እየተከተለ አምፔሩን የሚለዋውጥ ቻርጀር ነው፤ ዋናው መስመር ላይ የሚታሰር መለኪያ ቀለበት አለው። ሲቀንስ ቶሎ፣ ሲጨምር ግን ቀስ እንዲል አድርገው። ደመናው ገለል ሲል ፀሐይዋ ለአፍታ ከወትሮው በላይ ትበረታለች፤ ያንን አምኖ የዘለለ ቻርጀር ተመልሶ ይወድቃል። የእኔው ትርፉ 5 ደቂቃ ካልቆየ አይጀምርም። ክፍተቱን ለመሸፈን አነስተኛ ባትሪ ይበቃል፤ ሥራው ደመናን ማሳለፍ እንጂ መኪና መሙላት አይደለም። ገንዘብ ካጠረህ በእጅህ 8 አምፔር ላይ አድርገውና ከመስመር መውሰዱን ክፈትለት። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ግን አጥፋው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን የ16 አምፔር መኪና ያህል ይስባል።

መብራት ሲጠፋ እምቢ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ኢንቨርተሩ ከመስመሩ ሲለይ ኒውትራሉ (የኃይሉ መመለሻ ሽቦ) ከኧርዝ (ከመሬት ጋር ከሚያያዘው የመከላከያ ሽቦ) ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ቻርጀሩ ኧርዝ የለም ብሎ ራሱን ይጠብቃል። ብዙ ኢንቨርተሮች በዚያን ጊዜ ኒውትራልና ኧርዝን የሚያገናኝ ሪሌይ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ) አላቸው፤ ቅንብሩ ውስጥ ተዘግቶ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራው፤ ሊኬጅ ብሬከሩንም (ኃይል ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠውን) ይፈትን። «ኧርዟን አታልለን እናልፋለን» የሚል ከመጣ በሩን አሳየው። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በየቤታችን ሙያ የሚለማመደው በዝቷል።

ስታብላይዘር የሚያሰኝህ የማታ ቮልቴጅ ከሆነ መጀመሪያ ሽቦህን እይ። 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) የመዳብ ሽቦ 30 ሜትር ተጉዞ 16 አምፔር ሲሸከም 7 ቮልት ያህል ይበላል፤ 32 አምፔር ላይ እጥፉን፣ ያውም ሽቦው እየጋለ። የእኔን በ6 ካሬ ቀይሬዋለሁ። ኢንቨርተሩም ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ ያለው ኃይል የሚሰጥ) ይሁን፣ በዚህ ድርድር የለም። ሌላው፣ ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ ጉልበታቸው የተጻፈው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ስለሆነች 5 ኪሎዋቱን እስከ ጥጉ አትመነው።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩ ላይ የሚበራውን የስህተት ቁጥርና የኢንቨርተሩን የቅንብር ገጽ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።