ጠይቁን፦ የጥርስ ደረሰኝ ከግብር ላይ ይቀነሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም የአምዱ አዘጋጆች፣ ጅማ ቆጪ ነው የምኖረው፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ፣ ደሞዜ 12,000 ብር ነው። በቅርቡ መንጋጋዬን ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) አሠርቼ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) አስገጠምኩና ኪሴ ባዶ ሆነ። ደብሊን ያለችው እህቴ ደሞ «እኔ ክራውን ሳስገባ ግብር ቢሮው ከፊሉን መልሶልኛል፣ አንቺም ደረሰኝሽን ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። እውነት ገቢዎች ብሄድ የሚመለስልኝ ነገር አለ? እማዬም ጥርስ ልታስተክል ነው፣ የምትከፍለው እህቴ ናት።
ኬ. ከቆጪ

መልስ፦ ኬ፣ እህትሽ አልዋሸችሽም፣ ግን የነገረችሽ የአየርላንድን ሕግ ነው። እኛ አገር ተቀጣሪ ሰው ከኪሱ የከፈለውን ሕክምና ከሥራ ግብሩ ላይ የሚያስቀንስበት መንገድ የለም፣ አሠሪሽ ከደሞዝሽ ቆርጦ ያስገባል በቃ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ቁጭ ብለሽ ይሄን አወጣሁ ያንን አወጣሁ ብለሽ የምትሞይው ፎርም የለሽም። ስለዚህ ደረሰኙን ይዘሽ ገቢዎች አትሰለፊ።

ግን አንድ በር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የሚያውቁት ኤችአሮችም (የሰው ኃይል ክፍሎች) አይናገሩትም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 65 ላይ አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለው ትክክለኛ ወጪ ከግብር ነፃ ነው ይላል። ትክክለኛ ወጪ የምትለዋን ያዢልኝ። በ2017 በወጣው ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፣ ከዛ በላይ እየጨመረ ይሄድና ከ10,000 እስከ 14,000 ያለው ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል፣ ያንቺ ደሞዝ ጫፍ እዚህ ውስጥ ነው። አሁን ድርጅትሽ «ለሕክምና» ብሎ 2,000 ብር ካሽ ደሞዝሽ ላይ ቢጨምርልሽ 600 ብሩ ለግብር ይሄዳል፣ ስሙ የሕክምና አበል ቢባልም ያው ደሞዝ ነው። ያንኑ 2,000 ብር ግን ለጥርስሽ ሕክምና በደረሰኝ ቢከፍልልሽ 600ዋ አንቺው ጋ ትቀራለች። ቀጥታ ለክሊኒኩ ቢከፍል ደሞ ጭራሽ ክርክር የለውም። ስለዚህ የሚቀጥለው ሕክምና ሳይጀመር ኤችአር ግቢ፣ የኅብረት ስምምነት ካላችሁም የሕክምና አንቀጹን አንብቢው፣ ጥርስ የሚለው ተጽፎ ሳለ ማንም ሳይጠይቅ ዓመታት የሚያልፍበት ቤት ሞልቷል። ደረሰኙ ባንቺ ስም ይሁን፣ ምን እንደተሠራልሽም ይጻፍበት። አንቀጹ የሚያወራው ስለ ሠራተኛው ሕክምና ነው፣ የልጅሽን ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) እዚህ ውስጥ አትጨምሪ።

ወደ እማዬ ስንመጣ ነገሩ ይጣፍጣል። አየርላንድ ላይ መደበኛ ላልሆነ የጥርስ ሕክምና ከከፈልሽው 20 በመቶ በግብር በኩል ይመለሳል፣ 1,000 ዩሮ የወጣበት ክራውን 200 ዩሮ እንደማለት፣ ሰውየው የዚያን ያህል ግብር ከከፈለ ነው ታዲያ። ክራውን፣ ሩት ካናል፣ ብሪጅ (ከጎን ካሉት ጥርሶች ጋር ተያይዞ የሚገጠም፣ የማይወልቅ ጥርስ)፣ ብሬስ ይካተታሉ። መንቀል፣ መሙላት፣ ማሳጠብና ወልቆ የሚገባ አርቴፊሻል ጥርስ አይካተቱም። ሰው ለሌላ ሰው የከፈለውንም መጠየቅ ይችላል፣ ሕክምናው ውጭ አገር ቢሆንም ሐኪሙ በሚሠራበት አገር ሕግ ፈቃድ ያለው ከሆነ ይሆናል። እና እህትሽ ጅማ ላይ ለእማዬ ብሪጅ ብትከፍል ተስፋ አላት፣ ወልቆ የሚገባውን ካሠሩ ግን የለም። ስለዚህ እማዬ ምን ዓይነት ጥርስ እንደሚተክሉ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂና ለእህትሽ ንገሪያት፣ ምርጫው ግን በድድና በአጥንታቸው ይወሰን እንጂ በግብር አይወሰን እባካችሁ። ሜድ 2 የሚባለውን የአየርላንድ ግብር ቢሮ ፎርም ሐኪሙ ሞልቶ ይፈርምላታል፣ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለሐኪሙ ችግር የለውም። ብሩን ባንቺ አካውንት አዙራ በጥሬው ከምትሰጡ ከእሷ ወደ ክሊኒኩ መሄዱ የሚታይበት ወረቀት ይኑራት፣ ከመክፈሏ በፊትም የራሷን ግብር ቢሮ ትጠይቅ። ወደኋላ 4 ዓመት ድረስ መጠየቅ ስለሚቻል የረሳችው የራሷ ሕክምና ካለም ትፈልገው።

ጥያቄ፦ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሱቅ አለኝ፣ ሂሳብ መዝገብ እይዛለሁ። ያስገጠምኩትን ጥርስ ወጪ ውስጥ ባስገባውስ? ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለኝ፣ እሱ አይሸፍንም?
ነጋዴው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ጥርስ የግል ወጪህ ነው፣ የሱቁ አይደለም፣ ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። ቀጥረህ የምታሠራው ልጅ ታሞ ብታሳክመው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያ የሠራተኛ ወጪ ነው፣ ደረሰኙን ያዝ። መድኑ ደሞ አርቴፊሻል ጥርስ አይሸፍንም፣ ለውበት የሚባሉት ጋ ነው የመደቡት፣ ማኘክ ያቃተው ሰው ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚል እንጃ። ሕመም ካለብህ ግን መድንህ ወደሚያገለግልበት ጤና ጣቢያ ሂድና ሪፈር ይጻፉልህ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጥርስ ክፍል አለው፣ ሪፈር ሳትይዝ ሄደህ ከከፈልክ በኋላ መድኑ ይመልስልኛል ብለህ እንዳትጠብቅ።